ቆሞ የዛገ ሞተር

ሰው ሁሉ ዕቃ የሚያረጀው በመሥራት ብዛት ይመስለዋል። በእርግጥ ጫማ በመንገድ ብዛት ያልቃል፤ ማረሻ በእርሻ ብዛት ይዶለዱማል፤ ልብስም በመታጠብ ብዛት ይሳሳል። ነገር ግን ሥራ ፈትቶ በመቆም የሚጠፋው ነገር በመሥራት ከሚያልቀው እንደማያንስ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። የተዘጋ ቤት ሰው ከሚኖርበት ቤት ይልቅ ፈጥኖ ይፈርሳል። ሰው የማይሄድበት መንገድ ሣር ይበቅልበታል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባቴ መኪና ነው። ትምህርቱም ውድ ዋጋ ስላስከፈለኝ፥ ወጣት አንባቢዎቼ፥ እናንተ በርካሽ እንድታገኙት ብዬ ታሪኩን የሚያሳፍረኝን ሳልደብቅ እጽፍላችኋለሁ።

አባታችን የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት ቮልስዋገን ገዙ፤ የአዲስ አበባ ሰው «ቮልስ» እያለ የሚጠራትን፥ ጀርባዋ የጎበጠውን ትንሽ መኪና ማለቴ ነው። በአገራችን ይህችን መኪና የማያውቅ ሰው የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ተሳፍረው እንደ ነበር ታላላቆቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። ንጉሥንም መምህርንም በአንድ ዐይነት ወንበር የምታስቀምጥ መኪና ነበረች።

የቮልስ ሞተር የሚገኘው ከኋላ ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫዋ ደግሞ ከፊት ነው። የአባታችን መኪና ሞተር 1,285 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፥ አራቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ሌሎች መኪናዎች ቆመው የተሰለፉ ሳይሆኑ፥ ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ተጋድመው የሚተያዩ ናቸው። ውሃ አይፈልግም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ይበቃዋል። በዓለም ላይ ከዚህች መኪና 21,529,464 ተሠርተው፥ የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣች።

አባታችን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ካባርኔጣቸውን አውልቀው፥ እጅጌያቸውን ሰብስበው፥ የኋላውን ክዳን ይከፍታሉ። የዘይቱን መለኪያ መዝዘው በጨርቅ ይጠርጉታል፤ መልሰው ከትተው እንደገና መዝዘው ይመለከታሉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው እኔንና ወንድሜን በቀኝና በግራ አቁመው ያሰሙናል። እናታችንም ከማጀት ሆነው ያን ድምፅ ሲሰሙ ቡናው እንዲቀርብ ያዝዙ ነበር። አባታችን ብዙ ጊዜ፥ «መኪናን የሚገድላት መንገድ አይደለም፤ መቆም ነው» ይሉን ነበር። እኛ ግን የሽማግሌ ወግ ነው ብለን በአንድ ጆሯችን ሰምተን በሌላው አፈሰስነው።

በ1995 ዓ.ም. አባታችን ታመው ዐረፉ። ኑዛዜ አልተዉም። እኔ የበኵር ልጅ ነኝ፤ ከእኔ በታች አንድ ወንድም አለኝ። ከአርባቸው በኋላ ተቀምጠን ስንነጋገር፥ እኔ የተዝካሩ ዕዳ እንዲከፈል መኪናዋ ትሸጥ አልሁ። ወንድሜ ግን አባታችንን በሕመማቸው ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ያመላለሰው በእርሷ ስለ ነበር፥ «አትሸጥም፤ እኛ እንያዛት» አለ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። እኔ ግን ታላቅነቴ የተደፈረ መስሎኝ፥ በዘመድና በጎረቤት ፊት፥ «አንተ ለአባታችን መታከሚያ ከኪስህ ምን አወጣህና ነው ዛሬ የምትናገረው?» አልሁት።

ወንድሜ አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ተነሥቶ ወጣ። ሲወጣም በእርሱ እጅ የነበረውን የመኪናዋን ሊብሬ ይዞ ሄደ፤ ቁልፉ ግን በእኔ ኪስ ነበር። እንግዲህ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ፥ ሊብሬው ከእርሱ ዘንድ ሆነ። እርሱ ያለ ቁልፍ ሊነዳት አይችልም፤ እኔም ያለ ሊብሬ ልሸጣት አልችልም። መኪናዋም ጉለሌ በሚገኘው በወላጆቻችን ግቢ፥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር እንደ ቆመች ቀረች።

እናታችን ከእኔ ጋር ይኖሩ ነበር። አንዳንድ እሑድ፥ «ልጄ፥ እስቲ የአባትህን መኪና ድምፅ አሰማኝ» ይሉኛል። እኔም፥ «እሺ እማዬ፥ ነገ» እላለሁ። ቁልፉን አዙሬ ለሩብ ሰዓት ማስነሣት ምንም አልነበረም። ነገር ግን በልቤ፥ «ግማሿ የእርሱ ለሆነች መኪና እኔ ለምን እደክማለሁ?» እል ነበር። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጡ። እኔም በዳዩ ሆኜ ሳለሁ፥ «ታናሽ ነውና አስቀድሞ እርሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ» ብዬ መለስኋቸው። ወንድሜ እናታችንን ለመጠየቅ የሚመጣው እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነበር። በ2003 ዓ.ም. በኅዳር ወር እናታችን ዐረፉ። እኔና ወንድሜ በአንድ ድንኳን ውስጥ፥ እርሱ በአንድ ጥግ እኔ በሌላው ጥግ ተቀምጠን፥ ሳንነጋገር ለቀስተኛ ተቀበልን። የተጠየቅሁትንም ድምፅ ሳላሰማቸው ቀረሁ።

መኪናዋ በቆመች በ14ኛው ዓመት፥ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ የድሮ መኪና የሚወድ አንድ ሰው ግቢዬ ድረስ መጥቶ አያት። «ሞተሯ የሚነሣ ከሆነ እጥፍ ዋጋ እከፍላለሁ» አለኝ። እኔም ገንዘቡ ታየኝ። ሞተሩን አስቀድሜ ካስነሣሁ በኋላ ወንድሜን በገንዘብ አግባብቼ ሊብሬውን እቀበለዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቼ ነበርና ቀኑ ሁሉ የእኔ ነበር።

ጎማዎቹን አስነፋሁ፤ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ፈልጌ ገዛሁ። ቁልፉን ባዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማና ጸጥ አለ። ጥፋቱን ሁሉ በሞተሪኖው ላይ ጣልሁት። ከዚያም የጎረቤቴን ፒክአፕ ለምኜ፥ መኪናዋን በገመድ አስጎትቼ በማርሽ ለማስነሣት ተነሣሁ። ፍሪሲዮኑን ስለቅቅ የኋላ ጎማዎች መዞር ትተው በአቧራው ላይ ተንሸራተቱ። አልተመለስሁም፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከርሁ። በሦስተኛው ጊዜ ከሞተሩ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ መልካም ምልክት መስሎኝም ደስ አለኝ። በማግሥቱ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ አጥልቄ፥ ሞተሩን ከፑሌጃው ላይ በሙሉ ክብደቴ ተጫንሁት። ቧንቧው ጎበጠ፤ ሞተሩ ግን አልነቃነቅም አለ።

በመጨረሻ ሰዎች አንድ አዛውንት መካኒክ ጠቆሙኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ አልጽፍም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቮልስ ሥር ተኝተው ያደጉ ሰው ናቸው። መጥተው ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ ፑሌጃውንም በእጃቸው ብቻ ወዲያና ወዲህ ሞከሩት። ከዚያም እጃቸውን እየጠረጉ፥ «ሞተሩ ነክሷል» አሉኝ። «የማን ናት መኪናዋ?» «የአባቴ ናት።» «ሊብሬዋስ?» «ወንድሜ ዘንድ ነው።» «እንግዲያስ ሊብሬው ይምጣ። ባለቤቷ ያልታወቀች መኪና አልፈታም። ደግሞም ሞተሩን ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ አርጅቻለሁ» አሉ።

እኔም እንደ ማንኛውም ችኩል ሰው፥ «ምን ያህል ቀን ይፈጃል? በበለጠ ጉልበት አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዛውንቱ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው እንደ ተማሪ አስረዱኝ። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን በዙሪያው ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉት፤ ቀለበቶቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይነካሉ፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ዘይት ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ያ ዘይት ሁልጊዜ ይታደሳል። ሞተሩ ሲቆም ግን ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከአራቱ ሲሊንደሮች ደግሞ አንዱ ወይም ሌላው ቫልቩ እንደ ተከፈተ ይቆማልና፥ የክረምቱ እርጥበት በዚያ ይገባል። ብረትና ብረት ራቁታቸውን በተነካኩበት ቦታ ዝገት ይበቅላል። ዝገትም ከበቀለበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፥ በቀለበቱና በግድግዳው መካከል እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይቆልፋቸዋል።

«እንግዲህ» አሉኝ፥ «የያዘህ ፀጉር የማያህል ዝገት ነው። እርሱ የሚፈልገው ዘይት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ጉልበት ዝገቱን ሳይሆን ብረቱን ነው የሚሰብረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» እኔም በገመድ ማስጎተቴን ልነግራቸው አፍሬ ዝም አልሁ።

ሊብሬውን ለማምጣት በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። በ14 ዓመት ውስጥ በሩን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። በመንገድ ላይ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። ሚስቱ ከፍታልኝ ደንግጣ ቆመች። ወንድሜ ወንበር ሰጠኝ። ፀጉሩ ሸብቶ ሳይ ማን እንዳሸበተው የማላውቅ ይመስል ተገረምሁ። የወጣልኝ ቃል፥ «የአባባ መኪና ሞተሯ ነክሷል» የሚል ብቻ ነበር። ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ፥ «ዘይት አፍስሳችሁበታል ወይ፥ ጋሼ?» አለኝ። እንደ ልጅነታችን ጋሼ ብሎ ጠራኝ። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ያረጀ ኤንቨሎፕ አምጥቶ፥ «ሊብሬው በዚህ ውስጥ ነው። ሰኞ እኔም እመጣለሁ፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» ብሎ ሰጠኝ።

ኤንቨሎፑን ቤቴ ገብቼ ከፈትሁት። ሊብሬው አለ። ከሊብሬው ሥር ደግሞ በመርፌ ቁልፍ የተያያዙ ወረቀቶች ነበሩ። የሐኪም ቤት ደረሰኞች ናቸው፤ ሁሉም በአባታችን ስም ነው፥ የከፋዩ ስም ግን የወንድሜ ነው። ብዙ ነበሩ። እኔ በሰው ፊት ምን አወጣህ ብዬ ስጠይቀው እነዚህ በኪሱ ወይም በቤቱ ነበሩ ማለት ነው። አውጥቶ ቢያሳየኝ ኖሮ አፌን ይዘጋው ነበር። ነገር ግን በአባቱ ሞት ላይ ሒሳብ መቁጠር ነውር መስሎ ስለ ታየው ስድቤን ተሸክሞ ወጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ ሥራው ተጀመረ። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። አዛውንቱ እየመሩን የቤንዚኑን ቧንቧ፥ ሽቦዎቹንና ገመዶቹን ፈታን፤ መኪናዋን በክሪክ አንሥተን ወደ 100 ኪሎ የሚመዝነውን ሞተር ወደ ኋላ ስበን አወረድነው። በነፋስ ማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ አገኘን። እኔና ወንድሜ በቀኝና በግራ ሞተሩን ይዘን ስንሸከም የምንነጋገረው «ቀስ»፥ «ወደ እኔ»፥ «ያዝ» የሚሉትን ቃላት ብቻ ነበር። ቢሆንም ከ14 ዓመት ዝምታ ይሻላል።

የቮልስ ሲሊንደሮች የተጋደሙ ስለ ሆኑ አንድ ችግር አለባቸው። በካንዴላው ቀዳዳ የፈሰሰው ዘይት በታችኛው ጎን ይተኛል እንጂ የላይኛውን ጎን አያርስም። ስለዚህ አዛውንቱ አሮጌውን ዘይት ካስወረዱ በኋላ ሞተሩን በአንድ ጎኑ በእንጨት ላይ አቆሙት። ነጭ ጋዝና ቀጭን የካምቢዮ ዘይት አደባልቀው ወደ ላይ የዞሩትን ሁለቱን ሲሊንደሮች ሞሉ። በአንደኛው ዘይቱ እንደ ሞላ ቆየ፤ በሌላው ቫልቩ ተከፍቶ ስለ ነበር ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፤ እኛም እየጨመርን ጠበቅን። ከሁለት ቀን በኋላ ገልብጠን ለሌሎቹ ሁለት እንዲሁ አደረግን። ሲጋራ የሚያጤስ ሰው ወደዚያ እንዳይቀርብም አጥብቀው ከለከሉ።

ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ቀላል ነበር። ጧትና ማታ፥ ቮላኖ በሚባለው ጥርሳም ክብ ብረት ላይ አንድ ረጅም ብረት አስደግፈን፥ በእጃችን ኀይል ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ግራ መግፋት ነው። «አትታገሉት፤ ጠይቁት» ይሉን ነበር። «ካልፈለገ ዘይት ጨምራችሁ ነገ ተመለሱ።» እኔ ጧት እገፋለሁ፤ ወንድሜ ከሥራው ሲወጣ ማታ መጥቶ ይገፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ዘይት ብቻ ተነጋገርን። በአራተኛው ቀን ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። በስድስተኛው ቀን ባለቤቴ ራት አቀረበችና አልቸኩልም ብሎ ተቀመጠ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ፥ አብረን ስንገፋ፥ ቮላኖው አንድ ጥርስ ያህል ሄደ። በዙሪያው ከ100 በላይ ጥርሶች አሉ፤ ከእነዚያ አንዱን ማለቴ ነው። ዐይን እንኳ በደንብ አያየውም፤ እጅ ግን ያውቀዋል። እኔ ወዲያው በኀይል ላዞረው ስል አዛውንቱ እጄን ያዙኝና፥ «የሄደውን ያህል መልሰው፤ ዝገቱን ወደ ፊት ብቻ ከገፋኸው እንደገና ይሸብልቅሃል» አሉኝ። መለስነው። ሁለተኛም ሄደ፤ ሁለተኛም መለስነው። አዛውንቱ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔና ወንድሜ ከሞተሩ አጠገብ ቀረን።

«ደረሰኞቹን አየኋቸው» አልሁት።

«እንድታያቸው ብዬ አልነበረም ያስቀመጥኋቸው» አለኝ። «አባባ የነካው ወረቀት ሆኖብኝ መጣል አቅቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፤ በሰው ፊት ሰደብሁህ።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እማዬ ሳለች ብትለው ኖሮ ጥሩ ነበር፥ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም። ጨርቁን አንሥቶ እጁን ጠረገና ለእኔም አቀበለኝ።

በ14ኛው ቀን ሞተሩ ሙሉ ዙር ዞረ። እኔ አሁኑኑ ይነሣ አልሁ፤ አዛውንቱ ግን፥ «ስለ ዞረ ድኗል ማለት አይደለም፤ ከፍተን እንየው» አሉ። ዘይቱ ስላራሰው የቴስታታው ቡሎን አንዱም ሳይሰበር ተፈታ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ተጠርገው ለሥራ የሚበቁ ሆኑ። በአንደኛው ውስጥ ግን ዝገቱ ግድግዳውን በልቶታል፤ ከቀለበቶቹም አንዱ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። አዛውንቱ ስባሪውን በመዳፋቸው አድርገው አሳዩኝ። «ዝገት ቀለበትን ያጣብቃል እንጂ እንዲህ አይሰብርም። ይህ የጉልበት ሥራ ነው» አሉ። ያን ጊዜ «ጠቅ» ያለው ድምፅ ምን እንደ ነበር ገባኝ፤ በገመድ ማስጎተቴንም ተናዘዝሁ። በዚህ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው የሚወጣ ስለ ሆነ፥ የተጎዳውን ሲሊንደር ከነፒስተኑ ለወጥነው። የተሰበረውን ቀለበት ግን አልጣልሁትም፤ አሁን ይህን ስጽፍ በጠረጴዛዬ ላይ አለ።

የቀረው ሥራ አጭር ነበር። እንደ ሙጫ የሆነውን አሮጌ ቤንዚን አስወግደን ታንኩን አጠብን፤ ቧንቧዎቹን ለወጥን፤ ካርቡራቶሩንና ፑንቲናውን አጸዳን። ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ጨምረን፥ ካንዴላ ሳንገጥም ብዙ ጊዜ አዞርነው፤ ዘይቱ ወደየቦታው እንዲደርስ ነው። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. አንድ እሑድ ወንድሜ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፤ እኔ ቁልፉን ሰጠሁት። ሞተሩ ሳለ፤ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ጠፋ፤ እንደገና ሳለና ተነሣ። ያ የልጅነታችን ድምፅ ነበር። ከማጀት ቡና ይቅረብ የሚል ግን አልነበረም።

መኪናዋን ይዘን ወላጆቻችን ወደ ተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በቅጥሩ ውጭ ቆመን ሞተሩን ሳናጠፋ ጥቂት ቆየን። ምንም አልተነጋገርንም።

ወጣት አንባቢዎቼ! ከዚህ ታሪክ ታገኙ ዘንድ የምመኘው አንድ ነገር ነው። ሰዎች፥ «ተወው፤ ጊዜ ይፈታዋል» ሲሉ ትሰማላችሁ። እኔም 14 ዓመት ሙሉ ይህን እያልሁ ትዕግሥተኛ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ጊዜ ብቻውን የሚፈታው ነገር የለም። 14 ዓመት ያጣበቀውን 14 ቀን አላቀቀው፤ ልዩነቱ በፊተኛው ጊዜ ሞተሩን የነካው ሰው አለመኖሩ፥ በኋለኛው ጊዜ ግን ጧትና ማታ ዘይትና እጅ አለመለየታቸው ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ መቀመጥን ትዕግሥት አትበሉት፤ ትዕግሥት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ነው። ጉልበትንም ቈራጥነት አትበሉት፤ ጉልበት የሚሰብረው ዝገቱን ሳይሆን ብረቱን ነው።

ከዚህም ጋር አላታልላችሁም፤ የተላቀቀ ሁሉ እንደ ቀድሞው አይሆንም። አንዱ ሲሊንደር ጠፍቷል። እናታችንም የለመኑኝን ሳይሰሙ ሄደዋል፤ ይህን የሚተካ መለዋወጫ በየትም ገበያ አይገኝም። ስለዚህ ከወንድማችሁ፥ ከእኅታችሁ ወይም ከባልንጀራችሁ ጋር የቆመ ነገር ካላችሁ፥ ትልቅ ንግግር እስክታዘጋጁ አትጠብቁ። ሄዳችሁ አንድ ትንሽ ቃል ተናገሩ። ካልተቀበላችሁ አትታገሉት፤ በማግሥቱ ተመለሱ።

ለመኪናዋ እጥፍ ዋጋ ሊከፍል የነበረው ሰው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አትሸጥም አልነው። እሑድ እሑድ አንድ ጊዜ እኔ፥ አንድ ጊዜ ወንድሜ ዘይቷን አይተን እናስነሣታለን። ቁልፉና ሊብሬው ዛሬ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ መሳቢያውም አይቆለፍም።